ማጥራትና ማጣራት

ጥቅምት ሲገባ እንጦጦ ላይ አየሩ ይለወጣል። ክረምቱን ሙሉ ከባሕር ዛፉ ጋር ተጣብቆ የከረመው ጉም ይነሣና አዲስ አበባ ከታች ወለል ብላ ትታያለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ፓርክ በር አጠገብ ቆሎ የሚሸጡ እናት ወደ ላይ ቀና ብለው "ተመስገን፣ ዛሬስ ጠርቷል" አሉ። ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ያን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስሰማው ከርሜያለሁ፤ በሬዲዮ፣ በጋዜጣ፣ በወላጆች ስብሰባ። "የትምህርት ጥራት"፣ "ጥራቱን የጠበቀ ትምህርት"፣ "የጥራት ማረጋገጫ"። በየቦታው የሰማሁት ስሙን ነበር፤ እኚህ እናት ግን ግሱን ተናገሩት። ግሱ ከተገኘ ሥሩ ሩቅ አይሆንም።

"ጠራ" የግእዙ "ጸርየ" ነው፦ ዝቃጩ ወረደ፣ ጉድፍ አጣ፣ ነጻ ሆነ። ቅጽሉ "ጽሩይ"። የግእዙ ጸ አማርኛ ሲገባ ብዙ ጊዜ ወደ ጠ ይዞራል፦ ጸጉር ጠጉር፣ ጸንዐ ጠና፣ ጸብሐ ጠባ ("ነጋ ጠባ" ስንል የምንሰማው ጠባ እሱ ነው)። በዚሁ መንገድ "ጸርየ" "ጠራ" ሆነ፣ "ጽሩይ" ደግሞ "ጥሩ"። በቀን ሃምሳ ጊዜ የምንለው "ጥሩ" ሲነሣ "መልካም" ማለት አልነበረም፤ "ያልተደባለቀ" ማለት ነበር። አንጥረኛ "ጥሩ ወርቅ" ሲል የሚናገረው ይህንኑ የጥንት ፍች ነው፤ ያማረ ወርቅ ማለቱ ሳይሆን መዳብ ያልገባበት ማለቱ ነው። "ጥራት" እንግዲህ የ"ጥሩ" እኅት ናት።

ቃሉ በትምህርት ቋንቋችን ውስጥ የገባው የፈረንጅ ቃል ምትክ ሆኖ ነው። የፈረንጁ ከላቲኑ "ኳሊታስ" ይወርዳል፤ "ኳሊታስ" ደግሞ "ኳሊስ" ከሚል ጥያቄ፦ "ምን ዓይነት?"። ላቲኑ ይጠይቃል እንጂ አይፈርድም፤ ዓይነቱ ክፉም ደግም ሊሆን ይችላል። የእኛው ግን ፈርዶ ነው የተወለደው። ገበያ ላይ "ይህ ጨርቅ ጥራት የለውም" እንላለን። በላቲኑ አስተሳሰብ ዓይነት የሌለው ጨርቅ ሊኖር አይችልም፤ በእኛ አስተሳሰብ ጥራት የሌለው ጨርቅ ሞልቷል። "ዓይነት" የሚል ቃል እያለ "ጥራት"ን የመረጠው ተርጓሚ ጆሮ ነበረው። ለትምህርት ቤት ከበድ ያለ ቃል አሸከመው።

እንጦጦ ራሱ ለዚህ ቃል ምስክር ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፣ አናቱ ላይም የከዋክብት መመልከቻ ተሠርቷል፤ የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ቴሌስኮፕ ከሰማይ የሚፈልገው ጥራትን ነው፣ በመጀመሪያው ፍቹ፦ በዓይንና በኮከብ መካከል የሚገባ ነገር አለመኖሩን። ኮከቡ ሁልጊዜም እዚያው ነው። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። በልጁና በፊደሉ መካከል ብዙ ነገር ይገባል፦ ቁርስ ያልበላ ሆድ፣ ልጁ የማይሰማው ቋንቋ፣ ለአራት የሚዳረስ አንድ መጽሐፍ፣ ከኋላ ወንበር የማይታይ ሰሌዳ። (ሰሌዳ! ግሪኩ "ሴሊስ"፣ በተሳቢው "ሴሊዳ"፣ የመጽሐፍ ገጽ ነው። ግእዝ ተቀብሎ ጽሕፈት የሚጻፍበት ገበታ አደረገው፤ አማርኛ ጥቁር ቀባው፣ ኋላም መኪና ላይ ለጠፈው።)

ከሰማዩ ይልቅ ግን ጋኑ ይበልጥ ያስተምራል። ጠላ ጠማቂ ድፍድፉን በውኃ አቅጥና ጋኑን ከድና ታስቀምጠዋለች። አተላው ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ቸኩሎ የቀዳ ወይም ጋኑን የነቀነቀ ያደፈርሰዋል፤ "ደፈረሰ" የ"ጠራ" ባላጋራ ነው። ጎረቤት መጥታ "ጠርቷል ወይ?" ትላለች። ጥያቄው ስለ ጋኑ ሁሉ ነው። ከላይ ያለው ጭልፋ ጠርቶ ከሥሩ ከደፈረሰ ጠማቂዋ "ገና ነው" ትላለች እንጂ "በከፊል ጠርቷል" አትልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ከ"ጠራ" ሁለት አድራጊ ግሶች ወጥተዋል፤ አንዱ "አጠራ"፣ ሌላው "አጣራ"። ልዩነታቸው ጠ ላይ ያለች አንዲት እግር ናት፤ ጠ እና ጣ። "አጠራ" ያለውን ነገር ሁሉ እንዳለ የጠራ አደረገ ማለት ነው። ወርቅን ማጥራት፣ አቋምን ማጥራት እንላለን። "አጣራ" ግን ለየ፣ አሳለፈ፣ አስቀረ። የውኃ ማጣሪያ አንዱን ያሳልፋል፣ አንዱን ይይዛል። ከዚያ "ወሬውን አጣራ"፣ "ጉዳዩ ተጣራ" መጣ። ከዚያም የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ። አንድ የሚገርም ነገር እዚህ ላይ አለ፦ ፈረንጅ የማጣሪያ ጨዋታን ስም ያወጣው ከዚያው ከ"ኳሊስ" ነው። ላቲኑም አማርኛውም፣ ሳይመካከሩ፣ ጥራትንና ማጣሪያን ከአንድ ሥር አበቀሉ። ስለዚህ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። እኛ አገር ላለፉት ብዙ ዓመታት የትምህርት ጥራት ጥያቄ ሲነሣ መልሳችን አብዛኛውን ጊዜ ማጣሪያ ነበር ባይ ነኝ።

የማጣሪያው የድሮ ስም "ማትሪክ" ነው። አባቶቻችን "ማትሪክ ተፈተንኩ"፣ "ማትሪክ አለፍኩ" ሲሉ ቃሉ ላቲን መሆኑ ትዝ አይላቸውም ነበር። "ማትሪኩላ" የስም መዝገብ ነው፤ ማትሪክ ማለፍ ማለት ስም ከመዝገብ መግባት ማለት ነው። እዚህ ላይ ሌላው "ጠራ" ብቅ ይላል፣ ስም የሚጠራው። ይህኛው ከ"ጸርየ" ጋር ዝምድና የለውም። ግእዙ "ጸርኀ" ነው፣ ጮኸ፤ "ጽራኅ" ጩኸት። ኀ ጠፋ፣ ጸ ጠ ሆነ፣ ሁለት ባዕድ ቃላት አንድ ድምፅ ላይ ተገናኙ። በየጠዋቱ መምህር ስም ይጠራል፤ አንድ ቀን ደግሞ የተማሪው ሐሳብ ይጠራል። ጽሕፈቱ አንድ ነው።

"ፈተና"ም ወደ ወርቁ ይመልሰናል። ግእዙ "ፈተነ" ሞከረ፣ መረመረ ነው፤ በጸሎት ቤት ደግሞ ከክፉ የሚመጣ መከራ። የዐረብኛ ሊቃውንት የዚህን ቃል ዘመድ ሲፈቱት መነሻው ወርቅን በእሳት አቅልጦ ንጹሑን ከቅልቅሉ መለየት ነው ይላሉ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት ተብሎ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ይሰጣል። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4። ብዙ ሰው ቁጥሩን ሲሰማ ትምህርት በአንድ ዓመት የወደቀ መሰለው። አልወደቀም። እሳቱ ነደደና መዳቡ ታየ። ኩረጃው ፈተናውን አድፍርሶት ነበር፤ ፈተናው ሲጠራ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጋኑ ሥር የተቀመጠው አተላ ታየ። ፈተናውን ማጥራት ትልቅ ሥራ ነው፣ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የጠራው ማጣሪያው ነው፤ ጋኑ ገና ነው። ከመቶ ዘጠና ሰባት ልጆች የቀሩበት ማጣሪያ ስለ ልጆቹ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ጋኑ የሚነግረን ይበልጣል።

ጋኑን ለማየት "ትምህርት" የሚለውን ቃል ራሱን መክፈት ያስፈልጋል። ግእዙ "መሀረ" ነው፣ በሃሌታው ሀ፦ አስተማረ። ከእሱ "ተምህረ"፣ "መምህር"፣ "ትምህርት"። ጎኑ ላይ ሌላ ግስ አለ፣ በሐመሩ ሐ፦ "መሐረ"፣ ይቅር አለ። ከእሱ "ምሕረት"። አማርኛ ሁለቱን የጉሮሮ ድምፆች ስለዋጣቸው ግሶቹ አንድ ላይ ወደቁ። "ተማረ" ቀለም ቀሰመ ማለትም ነው፣ ይቅርታ አገኘ ማለትም ነው። ሲያስነጥሰን "ይማርህ" የሚለን ሰው ትምህርት ሳይሆን ምሕረት እየተመኘልን ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው የእነዚህን ፊደላት ቤት ሳይቀላቅሉ ጠብቀዋል። (ያ መጽሐፍ በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ የተደረደረ ነው፤ ሀ ሁ ብሎ ያደገ አንባቢ መጀመሪያ ቃል ለማግኘት ይቸገራል፣ ከለመደው በኋላ ግን አይለቀውም።)

በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ኪዳነ ምሕረት አለች፣ በሐመሩ ሐ። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ሲወረድ አንድ ቆርቆሮ ላይ በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ አይቼ ነበር፦ "ትምሕርት ቤት"፣ እሱም በሐመሩ ሐ። ጸሐፊው ከቤተ ክርስቲያኑ ሰሌዳ ፊደሉን ይዞ የወረደ ይመስለኛል። ስሕተት ነው፤ ሥሩን ያውቃልና የሰዋስው መምህር ቀይ መስመር ያሰምርበታል። እኔ ግን ቆሜ አየሁት። ሰሌዳው እንዳለ ቢነበብ "የምሕረት ቤት" የሚል ነገር ይወጣዋል። በአለንጋ ፊደል የቆጠሩ ስንትና ስንት ሰዎች በልጅነታቸው ያላገኙት ቤት ነው።

አስተማሪን የምንጠራበት ስምም ረጅም መንገድ ሄዷል። "የኔታ" ሲፈታ "የእኔ ጌታ" ነው፤ ጌታ የሚለው ቃል ከፍጥነት ብዛት አንገቱን አጥቶ "ታ" ብቻ ቀርቷል። ኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤት "ጋሼ" መጣ፣ "ጋሻዬ" ማለት ነው፤ ለሴቷ "እትዬ"፣ ከግእዙ "እኅት"። ዛሬ የአዲስ አበባ ልጅ "ቲቸር" ይላል። ከጌታ ወደ ጋሻ፣ ከጋሻ ወደ እኅት፣ ከዚያም ወደ ሙያ ስም። የመጨረሻው ርቀት ያሳዝነኛል። "እትዬ" ስትባል የነበረችው መምህርት ከልጁ ቤት ጋር በዝምድና ቃል ትተሳሰር ነበር፤ ወላጅ በገበያ ሲያገኛት ስለ ልጁ ያወራታል። ይህ ዝምድና ከተማሪ መጽሐፍ ያላነሰ የትምህርት መሣሪያ ነበር።

የኔታ ዘንድ የሚፈጸመው የመጀመሪያው ሥራ "ፊደል መቁጠር" ይባላል። ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ አንድ በአንድ ድምፁን ያወጣል። "ፊደል የቆጠረ" እስከ ዛሬም የተማረ ማለት ነው። "ቆጠረ" ራሱ የ"ቋጠረ" ወንድም ነው፤ ግእዙ "ቈጸረ" አሰረ፣ ቋጠረ ነው። ገመድ ላይ ቋጠሮ እየቋጠሩ ቀንና ከብት መቁጠር በብዙ አገር የታወቀ ነው፣ ከማሰር ወደ ቁጥር የተሄደውም በዚያ በኩል ይመስለኛል። ከዚሁ "ቁጥጥር" ወጣ፣ "ተቆጣጣሪ" ወጣ። መቆጣጠር በሥሩ ደጋግሞ መቁጠር ነው።

መንግሥትም የጀመረው በመቁጠር ነው፣ ደግሞም መጀመር ነበረበት። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲቋቋም ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ፤ ያ ግቢ በደርግ ዘመን ስሙ ተለውጦ የዚህን ተራራ ስም፣ "እንጦጦ"ን ወሰደ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተነሣ፣ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በሃያ ዓመት ስድስት እጥፍ። ይህን ቁጥር አቃልሎ የሚያይ ሰው የእረኛ ልጅ ደብተር ይዛ ስትሄድ አላየም። ያን ጊዜ የነገሡት ቃላት "ሽፋን" እና "ተደራሽነት" ነበሩ። "ጥራት" በኋላ መጣ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ "የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ" በሚል ረጅም ስም ውስጥ።

የዘገየበት ምክንያት በሌላ ግስ ውስጥ አለ። ግእዙ "ነበበ" ተናገረ ማለት ነው። "አንበበ" አድራጊው ነው፤ እንደ ቃሉ ቢፈታ "አናገረ"። እንግዲህ ማንበብ ፊደልን ማናገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር፤ ከፊደል ቆጠራው በኋላ ግእዙ፣ ውርድ ንባቡ፣ ቁም ንባቡ ተራ በተራ ይመጣሉ፣ አንዱ ሳይጠና ወደ ሌላው አይታለፍም። መቁጠርና ማናገር የተለያዩ ደረጃዎች መሆናቸውን ስሙ ራሱ ይነግራል። በ2002 ዓ.ም. በታችኛው ክፍል ልጆች ላይ የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከሦስት ልጆች አንዱ ማለት ነው። ፊደሉ ተቆጥሯል፣ አልተናገረም። ልጁም በመዝገቡ ላይ ተቆጥሯል፣ ማንም አላናገረውም። በዚያ ዘመን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ ይደረግ ስለነበር ያ ዝም ያለ ፊደል አብሮ ከክፍል ክፍል ተሻግሯል። እነዚያ የ2ኛ ክፍል ልጆች በጊዜያቸው ቢያልፉ ኖሮ 12ኛ ክፍል የሚደርሱት በ2012 ዓ.ም. ነበር። ጋኑ የተነቀነቀው እዚያ ነው።

"ደገመ" የሚለው ቃል ደግሞ ክብሩን ተቀምቷል። አያቴ ዳዊት የደገመ ሰው ነበር፤ ዳዊት ደገመ ማለት መዝሙሩን በንባብ አጠናቀቀ ማለት ነው። አያቴ በደገመ ቀን ቤተሰቡ ደግሶ ጎረቤት ጠርቶ ነበር፣ አያቴም እስኪሞት ያንን ቀን ያነሣው ነበር። በእኛ ዘመን አንድ ልጅ "ደገመ" ከተባለ እናቱ ታቀረቅራለች፤ ክፍል ደገመ ማለት ወደቀ ማለት ሆኗል። ግሱ አንድ ነው፣ ግእዙም አንድ ነው፦ መልሶ አለ፣ ሁለተኛ አደረገ። በየኔታ ዘንድ መድገም የመማር መንገድ ነበር፣ በእኛ ዘንድ የመቅረት ምልክት ነው። ይህ የፍች ለውጥ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሥራው ማጥራት በሆነበት ቤት መድገም ያስደስታል፤ ሥራው ማጣራት በሆነበት ቤት መድገም ያሳፍራል።

"ጥናት" የዚሁ መንደር ልጅ ናት። "ጸንዐ" በረታ፣ "አጽንዐ" አበረታ፣ አጸና። አማርኛ "ጠና"፣ "አጠና" አለ። የተጠና ነገር የጸና ነገር ነው፤ "ጥናት" እና "ጽናት" አንድ ቃል ናቸው፣ አንዱ የአማርኛን በር፣ አንዱ የግእዝን በር ይዞ ገባ። ለፈተና ሌሊት ተሸምድዶ በማግሥቱ የሚጠፋ ነገር በቃሉ ሕግ ጥናት አይባልም።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረ ሰው "ፕላዝማ"ን አይረሳም። በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት በትልቅ ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ የመሣሪያው ስም የትምህርቱ ስም ሆነ። "ዛሬ ፕላዝማ አለ"፣ "ፕላዝማው አመለጠኝ"። ቃሉ ግሪክ ነው፣ "ፕላስማ"፣ በእጅ የተሠራ፣ እንደ ጭቃ የተቀረጸ ነገር። እጅን ከትምህርት ያራቀ መሣሪያ በእጅ በመቅረጽ ስም መጠራቱ ያስቆጫል። ስዕሉና ቤተ ሙከራው ለብዙ ልጆች አዲስ ነበር፣ አልክደውም። ነገር ግን ማያው ልጁ ያልገባው መሆኑን አይቶ "ልድገመው?" አይልም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋ ነበር።

"ደረጃ" ከዐረብኛው "ደረጃ" ነው፣ መወጣጫ። "ክፍል" ከ"ከፈለ"፤ ተማሪን መክፈል፣ ቤትን መክፈል፣ ገንዘብ መክፈል ሁሉም ከአንድ ናቸው፣ የካ ክፍለ ከተማም ከዚያው። የኢንስፔክሽን ባለሙያዎች ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ያስቀምጣሉ። አጥሩ፣ ሽንት ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የመምህራኑ ማስረጃ ይቆጠራል። መቆጠርም አለበት፤ ውኃ የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ ሴት ልጅ ምን እንደምታጣ እናቶች ያውቃሉ። ነገር ግን ቁጥጥር በሥሩ ቆጠራ ነው ብያለሁ። ቁጥሩ ሲያልቅ የሚጀምር ሌላ ሥራ አለ፦ የኋላ ወንበር ላይ ገብቶ መቀመጥ፣ ልጁ ሲያነብ መስማት፣ ለመምህሩ ከትምህርቱ በኋላ እንደ ባልደረባ መንገር። ለዚህ የተዘጋጀ ቆንጆ ቃል አለን፦ "ጉድኝት"፣ ከ"ጓደኛ" ጋር ዘመድ። ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ተሰባስበው አንድ ሱፐርቫይዘር ይመደብላቸዋል። ያ ሰው ቃሉ እንደሚለው ጓደኛ ሆኖ የገባበት ቦታ ትምህርት ሲጠራ አይቻለሁ፤ ቅጽ ሞልቶ የሄደበት ቦታ ቅጹ ብቻ ጠርቷል።

ስለ "አስኳላ" ሳልናገር አልወርድም። የጣልያኑ "ስኩዎላ" ነው የሚመስለው፤ ከፊቱ አ የተጨመረለት አማርኛ ቃልን በመካከላቸው አናባቢ በሌላቸው ሁለት ተነባቢዎች መጀመር ስለማይወድ ነው፣ "ስታዲየም"ን "እስታዲየም" እንደምንለው። ጣልያኑ ከላቲን፣ ላቲኑ ከግሪክ "ስኮሌ" ወሰደው። "ስኮሌ" ዕረፍት ማለት ነው፦ ከሥራ የተረፈ ሰዓት፣ ሰው ተቀምጦ የሚያስብበት፣ የሚነጋገርበት። ጋኑ ተከድኖ የሚቀመጥበት ሰዓት። በፈረቃ በሚማር ክፍል፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው በር ላይ ቆሞ በሚጠብቅበት፣ ይህ ሰዓት የለም።

በዚያች ቅዳሜ ግን ነበር። ፓርኩ ውስጥ አንዲት መምህርት ሃያ የሚሆኑ ትንንሽ ልጆች ይዛ መጥታለች። ከባሕር ዛፉ ሥር አሳርፋቸዋለች፤ ዳቦ እየበሉ፣ ውኃ እየጠጡ ነው። አንዲት የ2ኛ ክፍል የምትመስል ልጅ ብድግ ብላ መንገዱ ዳር ወዳለው ሰሌዳ ሄደች። በጣቷ እየጠቆመች "እ፣ ሳ፣ ት" አለች። "ማ፣ ን፣ ደ፣ ድ።" ቆመች። ዞር ብላ መምህርቷን አየች። መምህርቷ ከተቀመጠችበት ተነሥታ አጠገቧ መጥታ ቆመች፣ ሰሌዳውን ግን አላነበበችላትም። "ድገሚው፣ የኔ ልጅ" አለቻት። ደገመችው፤ "እሳት... ማንደድ..."። "እስቲ አሁንም ድገሚው።" ልጅቷ ትንፋሽ ወሰደች፣ በሦስተኛው "እሳት ማንደድ ክልክል ነው" ብላ በአንድ ትንፋሽ አነበበችው።